ከድር ጆንያውን የሚያሳርፍበት ቦታ

ከደረጃው ጎን ያለው የሲሚንቶ ልስን እንደገና የወደቀው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። በሳምንቱ እናቴ ኡሙሀኒ እዚያው ደረጃ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተጎዳ።

እህቴ ዐፊፋ ከጅማ ደወለች። «ሁለት ሳምንት እሰጥሃለሁ፤ ከዚያ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። «ኡሚ በራሷ እግር ወርዳ ካልተቀበለችኝ ይዣት እሄዳለሁ።»

«እሷን ጠይቀሻታል?»

«አንተ ሲሚንቶ ስትለጥፍባት ጠይቀሃታል?»

ስልኩን ዘጋሁባት። ቆይቼ መልሼ ደወልኩና እሺ አልኳት።

እናቴ ከዚህ ቤት መውጣት አትፈልግም። ቡና ነጋዴው አባቴ አማን ከተማ ላይ የሠራው ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ስለሚረጥብ ሰውም የሚከማቸው ቡናም ከላይ ነበር። ዛሬ ቡናው የለም፤ እሷ አለች። በየቀኑ ግድግዳውን በቀኝ እጇ እየዳሰሰች ወርዳ በር ላይ ትቀመጣለች፤ አላፊ አግዳሚውን በድምፁ ትለያለች። ዓይኗ ዘንድሮ ጨርሶ ከደከመ ወዲህም አልቀረችም ነበር። ጅማ ሄዳ በማታውቃቸው ግድግዳዎች መሃል መቀመጥ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ዐፊፋም እኔም እናውቃለን።

ጋሽ በዛብህን የጠራሁት ሌሎቹ ግንበኞች በክረምት አንሠራም ስላሉኝ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ያልወደቀውን ልስን በመዶሻው ጀርባ መታ መታ አደረገና ባዶ ድምፁን አዳመጠ።

«ማነው የለሰነው?»

«እኔ ነኝ ያስለሰንኩት። ሁለት ጊዜ።»

«መምህር ነህ አይደል?»

«የታሪክ።»

«ያስታውቃል» አለ።

ላባርረው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ግን አንዱን ቁራጭ ፈልቅቆ ጀርባውን አሳየኝ፤ ርጥብ ነበር። «ጭቃው እርጥበቱን በፊቱ ነው የሚያወጣው። አንተ ፊቱን ደፈንክበት። ውሃው መውጫ ሲያጣ ልስኑን ገፍቶ ጣለው። ይህ ግድግዳ በጭቃ ነው የሚለሰን። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ስምንት ቀን ይቦካል።»

«ስምንት ቀን ብዙ ነው። እህቴ እየመጣች ነው።»

«እንግዲያው ሲሚንቶህን ለጥፍ። ለከርሞም አታጣኝም።»

ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም ልክ ስለነበረ ነው። እዚህ አገር ሰው ትንሽ ሲማር መጀመሪያ የሚያፍረው በግድግዳው ነው። የጭቃ ቤቱን ፊት በሲሚንቶ ያልሸፈነ እንደ ሰነፍ ይቆጠራል፤ የሸፈነው ደግሞ በየክረምቱ ፍርስራሽ ይጠርጋል፣ ጠርጎ ሲጨርስም ሌላ ሲሚንቶ ያስመጣል። ይህን ሞኝነት መሻሻል እንለዋለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያስተማርኩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ጓሮ ወርጄ ጭቃውን አብሬው ረገጥኩ። ዝናቡ አያቋርጥም፤ ጉድጓዱን በላስቲክ እንሸፍናለን፣ እንገልጣለን፣ እንረግጣለን፣ እንሸፍናለን። ማታ ማታ ወገቤን እያመመኝ ምግቧን ይዤላት ስወጣ እናቴ የታሰረውን እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትጠብቀኛለች።

«ሸተተ?» ትለኛለች።

«ገና ነው፣ ኡሚ።»

በስምንተኛው ቀን ሽታው ፎቅ ድረስ ወጣ። «አሁን ቦክቷል፤ ይበቃችኋል» አለች፣ ሳልነግራት።

ጋሽ በዛብህ ሁለት ቀን በእጁ እየመረገ፣ በመዳፉ እያለሰለሰ ሠራ። ዓርብ ከሰዓት ሲጨርስ ግድግዳው እንደ ወረቀት ለስልሶ ነበር። ደስ አለኝ። እናቴን ደግፌ ደረጃው ጫፍ ላይ አመጣኋት። እጇን ዘርግታ እየዳሰሰች ሦስት ደረጃ ወረደች፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇ ግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«የከድር ቦታ የት አለ?» አለች።

ከድር አባቴ ዘንድ ሠላሳ ዓመት ቡና የተሸከመ ሰው ነበር። ጆንያውን ተሸክሞ ሲወጣ መታጠፊያው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ይተነፍስ ነበር፤ የጆንያው ጥግ ጭቃውን እየፋቀ የክርን ያህል ጉድጓድ አበጀ። አባቴ ሁልጊዜ ይቆጣው ነበር። እኔ ደግሞ መጀመሪያ በሲሚንቶ ያስደፈንኩት ያንን ጉድጓድ ነው፤ ልስኑ ሲወድቅም ያ ድፍን አልወደቀም ነበር።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ከሌሎቹ ይጠልቃል። እጄ እዚያ ሲገባ እግሬን አስረዝማለሁ። አንተ ከደፈንከው ወዲህ ደረጃውን በዓይኔ ነበር የማየው። ዘንድሮ እሱም የለም።»

ፍርስራሹ አደናቅፏት የወደቀች መስሎኝ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጎረቤት ጠርተህ ሲሚንቶውን አሳየህ። ምን ልበልህ?»

ጋሽ በዛብህ ሁለት ቀን ያለሰለሰውን ግድግዳ ተመለከተ፤ ከዚያ ባልዲው ውስጥ እጁን ነክሮ ቦታውን አረጠበው። «እትዬ፣ ገና አልደረቀም። የት እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ፤ በክርንዎ ይጫኑት» አለ።

ክርኗን አስገባች። ጥልቀቱ ጎደለባት፤ ደግማ ተጫነች። እሱ ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ጠረበላት።

ቅዳሜ ዐፊፋ ስትደርስ ዝናቡ ስለነበር ግድግዳው አልደረቀም። ከደረጃው ስር ቆመች፤ የመኪናው ቁልፍ እጇ ላይ ነው። እናቴ ከላይ ብቻዋን ጀመረች። ልረዳት አንድ እግሬን ሳነሳ ሥራውን ሊያይ የመጣው ጋሽ በዛብህ ክንዴን ያዘኝ። እጇ ጭቃው ላይ ረጅም መስመር እያበጀ ወረደ፤ ጉድጓዱ ጋ ደርሶ ገባ። እግሯን አስረዘመች፤ ነካች፤ ወረደች። የቀሩትን ደረጃዎች ጨርሳ በጭቃ እጇ የዐፊፋን እጅ ያዘች።

«ከስተሻል» አለቻት።

ዐፊፋ ግድግዳውን አየች። «ይሄ ምንድነው፣ ናስር? አዲስ ልስን እንዲህ ይጎረጎራል?»

«ተይው» አለች እናቴ። «ምሳ ብሉ። ቡናሽን ጠጥተሽ በጊዜ ተመለሺ፤ መንገዱ ጭቃ ነው።»

ዐፊፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጋሽ በዛብህ የእናቴ እጅ ጭቃው ላይ የተወውን መስመር አሳየኝ። «ላስተካክለው?»

«ይቅር።»

ከደረጃው ስር፣ ከሁለተኛው ልስን የተረፈው የሲሚንቶ ከረጢት እርጥበት ገብቶበት ድንጋይ ሆኗል። እሱ ላይ ተቀመጥኩና እግሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ መፋቅ ጀመርኩ።