እናትና ልጅ በሳሙና ፋብሪካ

አሠልጣኟ ወደ ሳሙና ፋብሪካው መማሪያ ክፍል ስትገባ፣ ከአዲሶቹ ሠራተኞች መሃል የገዛ እናቷን አይታ ክው አለች። እናትየው ቤት መዋል ሰልችቷት ስትቀጠር ለልጇ ትንፍሽ አላለችም ነበር።

አሠልጣኟ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። “ቀለበት፣ ሰዓትም ሆነ ጉትቻ አድርጎ ወደ ማምረቻው መግባት ክልክል ነው። እርስዎም ቀለበትዎን ያውልቁ።”

“እርስዎ?” አለች እናቷ። “ሚጡዬ፣ ተጣልተናል እንዴ?”

ሠልጣኞቹ በሳቅ አውካኩ። የአሠልጣኟ ፊት በርበሬ መሰለ።

“ደሞ ይሄ አባትሽ ያጠለቀልኝ ቀለበት ነው። ወልቆ አያውቅም፤ እንቢ ይላል።”

“እናየዋለን” አለች ልጅ። ለልምምድ ከተቀመጠው ባልዲ ሻምፖ ጨልፋ የእናቷን ጣት ታሸው ጀመር። ሲጓተቱ ሲጓተቱ፣ ቀለበቱ ሙልጭ ብሎ ወጣና ባልዲው ውስጥ ጥልቅ አለ።

አሠልጣኟ ግን ምሳሌ በማግኘቷ ደስ አላት። “አያችሁ? ቀለበት የሚከለከለው ለዚህ ነው! ሻምፖ ውስጥ ይወድቃል።”

“ይሄን ሁሉ ዘመን ያልወደቀ ቀለበት” አለች እናቷ ወገቧን ይዛ፣ “አውልቂ ስትዪኝ ነው የወደቀው!”

አሠልጣኟ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ነከረች። አረፋው አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ከኋላዋ “ቀስ በይ እንጂ፣ ልብስሽን ጨረስሽው!” የሚል ቁጣ ሰማች። ያኔ እሷም ሳቋ አመለጣት።

ቀለበቱ ተገኘ፤ ሻምፖው ተደፋ። እናትየው ቀለበቱን በመሀረብ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና “በይ ቀጥዪ፣ እየሰማሁሽ ነው” አለች።