የማይበጠሰው የፎርማጆ ክር

የፀዳለ የተጠበሰ ፎርማጆ አልበጠስ ያለው ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ወጥ ቤቷ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የነከሰችው ጎረቤቷ ፈቲያ ነበረች። ቅርፊቱ ኮሽ አለ። ፈቲያ ግማሹን አፏ ውስጥ አስቀርታ የቀረውን በእጇ ስታርቀው በመሀል ነጭ ክር ተዘረጋ። ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘረጋች፤ ክሩ አልተበጠሰም። ቁራጩን ሳህን ላይ አስቀምጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ አምስት። ከዚያ በሩ ጋ ደረሰች። ክሩ አልቀጠነም፣ መሬትም አልነካም።

«ይጣፍጣል» አለች ፈቲያ በሩ ላይ ቆማ።

«አላቃጠለሽም?» አለች ፀዳለ።

«ትንሽ። ደህና ነው።»

ፀዳለ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ናት። በእግር በሚሠራ ስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። የፈቲያ ልጅ ነጃት ከነርስ ትምህርት ቤት ስትመረቅ «ሳምቡሳስ ሰለቸን፣ ሌላ ነገር እሠራልሻለሁ» ብላ ቃል ገብታላት ነበር። እናም አንድ ሰርግ ላይ ቀምሳ የወደደችውን ልትሞክር ወሰነች። ሲቀልጥ የሚለጠጠውን ፎርማጆ ገዝታ በጣት ልክ ቆራረጠችው። ሦስት ቀን የደረቀ ዳቦ በጠርሙስ እየዳመጠች ፍርፋሪ አደረገች። እያንዳንዱን ቁራጭ ፉርኖ ዱቄት ላይ አንከባለለች፣ የተመታ እንቁላል ውስጥ ነከረች፣ ፍርፋሪው ላይ አገላበጠች። የድሬ ሙቀት ለፎርማጆ ስለማይመለስ አንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስተኛችው። ዘይቱ ሲግል ሁለት ሁለት እያደረገች ጠበሰች። ኋላ ሰዎች ምን እንደጨመረችበት ሲጠይቋት የነገረቻቸው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ነገር አልነበረውምና።

ጨርቅ የምትቆርጥበትን ትልቁን መቀስ አምጥታ ክሩን ቆረጠችው። መቀሱ አለፈ፤ ክሩም ከኋላው መልሶ ገጠመ። ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ እንዲህ ያለ ክር ገጥሟት አያውቅም። ቀደም ብላ አግኝታው ቢሆን የስንቱ ተማሪ ቁልፍ ሳይረግፍ በቀረ ነበር ብላ አሰበች።

ፈቲያ ያሰጣችው ልብስ ስለነበራት ወደ ቤቷ ሄደች። ክሩም በመስኮቱ ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ አብሯት ሄደ። ከከንፈሯ ጥግ ነው የሚነሳው። መናገርም ሆነ መብላት አልከለከላትም፤ ስትስቅ ብቻ ይኮረኩራታል። እሷ ቤቷ ሆና ስትስቅ እዚህ ሳህኑ ላይ የቀረው ቁራጭ ይንቀጠቀጣል። ፀዳለ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቁራጩን ተመለከተችው። ፈቲያ ብቻዋን ስትሆን ይህን ያህል እንደምትስቅ አታውቅም ነበር።

ቀጥሎ ነጃት በላች። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ አብዲም ሽታው ጎትቶት መጥቶ አንድ በላ። የሁለቱም አልተበጠሰም። አብዲ ወደ ደንበኛው ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ደንበኛውም አንገቱን ክሩ እንዳይነካው ትንሽ ዘመም አድርጎ ተላጨ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደስታው የሚባል የቀበሌ ሠራተኛ ሜትር ይዞ መጣ።

«ይሄ ነገር መንገድ ያቋርጣል» አላት።

«አዎ፣ የአብዲው ያቋርጣል።»

«ባጃጅ ይነካዋል። ሦስት ሜትር ከፍ ማለት አለበት።»

«እሺ።»

ወንበር ላይ ወጥተው ክሩን በመስኮቱ ላይኛ ጠርዝ አሳለፉት፤ መንገዱ ላይ ደግሞ በመብራት ምሰሶ ላይ አሻገሩት። ደስታው ለካው፤ ሦስት ሜትር ከሃያ ሆነ። ከዚያ ለሪፖርቱ እንዲረዳው አንድ ቁራጭ በላና ክሩን አስከትሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሪፖርቱ ላይ «ቅርፊቱ ጥሩ ነው» ብሎ እንደጻፈ ኋላ ተሰምቷል።

ፀዳለ ቀኑን ወዳዋለች። አራት ሰው ከመስኮቷ ተነስቶ ወደየአቅጣጫው ተዘርግቷል። ፈቲያ ልብስ ስታጣጥፍ፣ ነጃት ስልክ ስታወራ፣ አብዲ መላጩን ሲስል፣ ደስታው ቢሮው ውስጥ ሲያንጎላጅ፣ ሁሉንም ከሳህኑ ላይ ታውቃለች። ዘፈን ብጤ ማንጎራጎር ጀመረች። ፍሪዘሩ ውስጥ የቀሩት ሁለት ቁራጮች ናቸው።

አሥር ሰዓት ላይ የፈቲያ ክር ሁለት ጊዜ ተጎተተ። ፀዳለ ወደ አጥሩ ወጣች።

«ፀዴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ፈቲያ። «ማስረሻ ዕቃውን እያሰረ ነው። ነገ በጠዋት ወደ ጅግጅጋ ይነሳል። ጠቅልሎ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ዕቃውን የሚጭነውን አይሱዙ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው።»

ማስረሻ የፀዳለ ታናሽ ወንድም ነው፤ መካኒክ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ነው የሚኖረው። በባጃጅ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ከተያዩ ግን ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አባታቸው የሞቱ ሰሞን፣ ድንኳኑ ሰው ሞልቶት ሳለ፣ ፀዳለ «አባታችንን ሳታለቅስ ቀበርከው» አለችው። ማስረሻ የያዘውን ወንበር አስቀምጦ ወጣ፤ ወንዙን ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። እሷም ታላቅ ስለሆነች እሱ እንዲመጣ ስትጠብቅ ኖራለች።

«ላኪለታ አንድ» አለች ፈቲያ።

«እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ፎርማጆ አይለጠጥም።»

«እንግዲያው ሄደሽ ጥበሺለት።»

ፀዳለ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሁለቱን ቁራጮች በረዶ ጨምራ በምሳ ዕቃ አደረገች። የተረፋትን እንቁላልና ፍርፋሪም በላይኛው ክፍል ያዘች። ዘይት በጠርሙስ ቀዳች፤ ባጃጅ ጠራች። ደቻቱ ደርቆ ነበር። ድልድዩን ሲያልፉ በረዶው እየቀለጠ ቀሚሷ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ባለባጃጁን «ፍጠን» አለችው።

የማስረሻ በር ክፍት ነው። ቤቱ ባዶ ሆኗል፤ ካርቶኖች ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ገመድ እያሰረ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ቀና ብሎ አያት።

«ፀዳለ» አለ። ድሮ እትዬ ነበር የሚላት።

«መጥበሻ አለህ?»

«ታስሯል።»

«ፍታው።»

ማስረሻ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ሁለት ካርቶን ፈታ፤ ሦስተኛው ላይ አገኘው። ቡታጋዙ ገና አልተጫነም ነበር። ፀዳለ ዘይቱን አፈሰሰች፤ እስኪግል ሁለቱም ዘይቱን ተመለከቱ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ስትጨምረው በአንድ ጎኑ ተሰነጠቀና ፎርማጆው ወደ ዘይቱ አፈተለከ።

«አፈሰሰ» አለ ማስረሻ።

«ያለ ነው።»

«ጓርኒሲዮኑ፣ ማሸጊያው ማለቴ ነው፣ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ሞተርም ቢሆን በአንድ ስስ ነገር ካሸግሽው ሲግል ያፈሳል። ሁለት ጊዜ ማልበስ ነበረብሽ።»

«መካኒክ ነህ ወጥ ቤት?»

«የሚያፈስ ነገር ሁሉ አንድ ነው።»

አውጥታ ሰጠችው። የከዚራው ክር ወሬ እዚህም ደርሶ ስለነበር ማስረሻ ቀስ ብሎ፣ በጥንቃቄ ነከሰው። ኮሽ አለ። ክሩ አንድ ጣት ያህል ተዘረጋ፤ ቀጠነና ተበጠሰ።

ማስረሻ የቀረውን ግማሽ አየው። አገላብጦም አየው። ከዚያ አፉ ውስጥ ጨምሮ እስኪጨርስ አላመጠ።

«ተበጠሰ» አለ።

«አየሁት» አለች ፀዳለ። ዓይኗን ወደ መጥበሻው መለሰች። ተነስታ ልትሄድ አስባ ነበር፤ ግን ዘይቱ ገና የጋለ ነው፣ የጋለ ዘይት ደግሞ ትቶ መሄድ አይቻልም።

«አንድ ቀርቶሻል» አለ ማስረሻ ምሳ ዕቃውን እያየ።

«አዎ።»

«አምጪው። በደንብ እናልብሰው።»

እጁን ታጥቦ መጣ። ፀዳለ እንቁላሉን ያዘች፤ እሱ ፍርፋሪውን ያዘ። ቁራጩን እንደገና ነከረችው፤ እሱም ጫፍና ጫፉን እየተጫነ፣ ክፍተት እንዳይቀር በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ በፍርፋሪው አለበሰው። ጥፍሩ ሥር የማይለቅ የሞተር ግራሶ ነበር። ፀዳለ አይታ እንዳላየች ሆነች። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ጠብታ አላፈሰሰም። አራቱም ጎኑ እኩል ቀላ።

«አንቺ በልተሻል?» አላት።

«ስጠብስ ውዬ አልቀመስኩም።»

«እንግዲያው ያንን ጫፍ አንቺ ያዢ።»

አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ነከሱት። ኮሽታው ባዶው ቤት ውስጥ አስተጋባ። ፊታቸውን አራራቁ። ክሩ ተዘረጋ። ማስረሻ ወደ ኋላ ሄዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠ፤ ፀዳለ ቡታጋዙ ጋ ቀረች። ክሩ በመካከላቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተበጠሰም።

እንደዚያ ሆነው ሳሉ ማስረሻ ያለወትሮው ብዙ ተናገረ።

«ያን ቀን ድንኳኑን የማስተክለው እኔ ነበርኩ» አለ። «ወንበር ጎድሎ ነበር። ውኃ አልመጣም ነበር። ማልቀሻ ጊዜ አልነበረኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ መቼ አለቀስክ?»

«ክረምት ላይ። ጋራዥ ውስጥ፣ አይሱዙ ሥር ተኝቼ። ባለመኪናው እግሬን እያየ መፍቻ ያቀብለኝ ነበር።»

ፀዳለ ይህን ለመስማት ክሩ አላስፈለጋትም፤ ግን ሲናገር ከንፈሯ ጥግ ላይ ለብ ያለ ነገር እየመጣ ሄደ። «ወንበሩን አስቀምጠህ ስትወጣ ልጠራህ ነበር» አለች። «ሰው ያየናል ብዬ ተውኩት። ይቅር በለኝ።»

«እሺ» አለ። ከዚያ፣ «እኔም ዝም ማለቴ ነው ያበዛሁት» አለ።

ካርቶኖቹን መልሰው አብረው አሰሩ። ማስረሻ ገመድ ሲያጠብቅ ፀዳለ በአንድ ጣቷ ቋጠሮውን ያዘችለት። መጥበሻውን ግን ይዛው ሄደች። ዘይት የነካው ዕቃ ከልብስ ጋር አይጫንም አለች።

ማስረሻ ጅግጅጋ መሄዱን አልተወም። ጋራዥ ተከራይቷል፣ ቃልም ሰጥቷል። እሑድ ጠዋት አይሱዙው ተነሳ፤ ክሩም ከፀዳለ ከንፈር ጥግ ተነስቶ በመስኮቱ ወጥቶ ተከተለው። መኪናው የደንገጎን አቀበት ሲወጣ ጥርሷ ትንሽ ሞቃት። ሐረር ሲደርስ ምሳ ሳይበላ አልቀረም፣ አፏን በርበሬ በርበሬ አላት። ወደ ማምሻው ላይ ክሩ ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ አለ። ደርሷል ማለት ነው። እሷም አንድ ጊዜ ሳበችው።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ደህና ሆነ። ፎርማጆ መጥበሱን ለጊዜው ተወችው፤ የሰፈሩ ሰው ቢለምናትም «ያለውን ክር እንቻለው» ትል ነበር። ፀዳለ ስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ማስረሻ ጅግጅጋ ሆኖ ሳያውቀው እግሩን ይመታል። እሱ አንድ ብሎን አልላላ ብሎት ሲበሳጭ እሷ ቡናዋ ይመራታል፤ ስኳር ትጨምርበታለች። የፈቲያና የነጃት ክር አንዳንዴ ይጠላለፋል፤ እናትና ልጅ ስለሆኑ ማንም አልገረመውም። አብዲ አዲስ ምላጭ በገዛ ቁጥር ሰፈሩ ያውቃል።

በወሩ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ፀዳለ መስኮቱን ስትወለውል ክሮቹን ቆጠረች። የፈቲያ፣ የነጃት፣ የአብዲ፣ የደስታው፣ የራሷ። አምስት መሆን ነበረባቸው። ስድስት ነበሩ። ሳህኑን አየች። ከአራቱ ግማሾች አጠገብ አምስተኛ ግማሽ ተቀምጧል። ቅርፊቱ ትኩስ ነው፤ እሷ ግን ወር ሙሉ አልጠበሰችም። የጥርሱ ምልክት ጠባብና በጣም ብዙ ነው።

ፈቲያን ጠራቻት። ሁለቱ ሴቶች ስድስተኛውን ክር በመዳፋቸው እየዳበሱ ተከተሉት። በመብራት ምሰሶው አለፈ፣ ገበያውን ዳር ዳሩን ሄደ፣ ወደ ደቻቱ ወረደ። ፀሐዩ ወጥቷል፤ ሁለት ፍየሎች ድልድዩ ሥር ተኝተዋል። ክሩ ደረቁ ወንዝ መካከል ላይ ደርሶ አሸዋው ውስጥ ገባ።

ፀዳለ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችው። ከሥር ሁለት ጊዜ ሳብ ተደረገ፣ በቀስታ።

«የማን ነው?» አለች ፈቲያ።

«እንጃ» አለች ፀዳለ። ጎንበስ ብላ መዳፏን አሸዋው ላይ አኖረች። «ሞቅ ይላል።»

አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ተመለከቱ። ክሩ የገባበት አሸዋ፣ የሚያላምጥ ሰው ጉንጭ ይመስል፣ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።