ሁለተኛው እጀታ

ሽቦ ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ፣ የኮቴ ኪስ ውስጥ አለ፣ ጣቴ ላይ እየጠመጠምኩት ነው፣ የለኝም አባዬ አልኩት፣ ውሸታም ነኝ፣ የእንጨት መፍለጫ ማሽኑን ግራ እጀታ ወደ ታች እሰሪልኝ ይለኛል፣ ቀኙን እኔ እጫናለሁ፣ አንድ እጅ መች አነሰኝ፣ ግራ እጁ በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ እናቴ ጠዋት እንደ መሀረብ አጣጥፋ የከተተችለት። ስትሮክ። መጽሐፍ ላይ ሳነበው አጭር ቃል ነበር።

የበርች ዛፉ ግንድ ተቆራርጦ በረዶው ላይ ይጠብቃል፣ አሁን ካልተፈለጠ በበጋው አይደርቅም፣ ካልደረቀ ክረምቱን ቤቱም የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውናም ጭስ ብቻ ነው፣ ጎረቤታችን ይፍለጥልን ብለውስ፣ ቬይኮ? በቬይኮ እንጨት ሳውና ከምሞቅስ ቅበሩኝ፣ ይላል።

ማሽኑ ሲገዛ አንድ እጀታ ነበረው፣ አንድ እጅ ይጫናል፣ ሌላው ስራ ፈትቶ ሽብልቁ አጠገብ ይዞራል፣ ያኔ እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ ጉማጁን ላቃናለት እጄን እሰዳለሁ፣ ቀዩ የሱፍ ጓንቴ ይያዛል፣ ጓንቱ ብቻ፣ እጄ ሾልኳል፣ አባዬ ባዶውን ጓንት ይዞ ቆሟል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከውጭ እየዳሰሰ፣ ውስጡ ማንም እንደሌለ እያረጋገጠ። ከዚያ ሁለተኛውን እጀታ በየደበት፣ ሁለቱ አብረው ካልተጫኑ ሽብልቁ አይሄድም፣ አንዱ ሲለቀቅ ይቆማል፣ ቬይኮ መጥቶ በአባዬ ሳቀ፣ ታውኖ፣ ለብረትም ልጓም? አንተ ሰውዬ ፈሪ ሆነሃል፣ አዎ፣ ሆኛለሁ፣ አለ አባዬ።

ከዚያ ማቆም አቃተው፣ የእናቴ ወገብ እንዳይጎብጥ ማሽኑን በአሮጌ አልጋ እግር ከፍ አደረገው፣ ፍላጩ እግራችን ላይ እንዳይወድቅ በግራና በቀኝ የላሜራ ገበታ ሰራለት፣ ብርዱ የሃይድሮሊኩን ዘይት ሲያወፍረው ጋኑን የልጅነት ብርድ ልብሴን አለበሰው፣ የተሳሉበት ጥንቸሎች አሁንም ከቅባቱ ስር ይታያሉ፣ ለወገቧ፣ ለእግራችን፣ ለእጄ፣ ለራሱ ምንም።

ምን ታነቢያለሽ ቆመሽ፣ ማሽን ላይ ጽሑፍ የለም፣ ይላል፣ ግራውን እኔ ልያዝልህ፣ ጠጋ እላለሁ፣ ግራውን እኔ እይዘዋለሁ አባዬ፣ አንቺ ሰኞ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲሽ ነሽ፣ ዛሬ ሰኞ ነው እንዴ? እላለሁ፣ በግማሽ ፊቱ ይስቃል፣ በይ ነይ ፕሮፌሰር።

ትከሻ ለትከሻ ቆመናል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ አብረን እንጫናለን፣ ሽብልቁ ይገባል፣ ልጡ ይሰነጠቃል፣ የጥሬ እንጨት ሽታ፣ ሰራ፣ ሰራ እኮ፣ ይቆማል። መሀል ላይ። ለቀቅሽው? አልለቀቅኩም፣ እጄ ብረቱ ላይ ነው፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ ተጭኜዋለሁ፣ ወደ ጎን አያለሁ፣ ቀኝ እጁን፣ ደህናውን፣ ሐኪሙ ይሄኛውን ምንም አልነካውም ያለንን፣ ጣቶቹ እጀታው ላይ ተቀምጠዋል እንጂ አልያዙትም፣ እጀታው ቀስ ብሎ ይዟቸው ወደ ላይ ይመለሳል፣ እሱ የሚያየው ሽብልቁን ነው፣ አያውቅም፣ ወይስ ያውቃል፣ አንድ ሽቦ አይበቃም ነበር፣ አታልቅሺ፣ አሁን አታልቅሺ፣ ለቀቅሽው ወይ ልጄ?

አዎ አባዬ፣ አመለጠኝ።

ያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አንዲት እጀታ መያዝ ሳያስተምርሽ? አላስተማረኝም፣ እንደገና፣ ጠበቅ አርጊ፣ እሺ፣ እንጫናለን፣ ሽብልቁ ጣት ያህል ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይቅርታ አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ እንደገና፣ እኔ ነኝ