የሷሊሕ በርጩማ

«ቀስ። ጉልበትህን አትጫነው፤ ራሱ ይወርዳል» አሉ ቲቸር ፒላይ።

ሷሊሕ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ውስጥ እግሮቹን አጋጥሟል። ሚስቱ ሐዲጃ በግራ ጉልበቱ ሥር ብርድ ልብስ አጣጥፋ አድርጋለታለች። ናቅፋ ላይ የቦንብ ፍንጣሪ የገባበት ዳሌው ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ነበር። ከልብስ ስፌት ሥራው ይልቅ ያንገበገበው ሰላቱ ነው። ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ብቻ ይደፋል።

ፒላይ የነሷሊሕን የጓሮ ክፍል የተከራዩ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ናቸው። ዮጋ ላሳይህ ሲሉት ሷሊሕ መጀመሪያ የባዕድ አምልኮ መስሎት ሸሽቷቸው ነበር። «ጸሎትህ የራስህ። እኔ የምፈልገው እግርህን ብቻ ነው» ብለው አግባቡት። ትእዛዛቸው ቀላል ነበር፤ ከባዱ መታገሡ ነው። መጀመሪያ ተራምዶ ሰውነቱን ያሟሙቃል፤ በጀርባው ተጋድሞ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል፤ ሲሳብ ይተነፍሳል፤ ሲወጋው ይተዋል። አንድ ጊዜ ቸኩሎ በግድ ቢጫነው ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ወዲያ የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ሆነ።

ዛሬ ጉልበቱ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ።

«አሁን ሞክር» አሉት።

ተንበርክኮ ጎነበሰ። ግንባሩ ሰሌኑን ነካ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ እንደተደፋ።

ሐዲጃ ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«ምነው? ደስ አይልሽም?»

«እንዴት ደስ ይበለኝ? ቅድም ከወፍጮ ቤት ስመለስ ቢያዝን አገኘኝ።» ቢያዝን የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው። «ሰኞ ከግንባር የተመለሱ ቁስለኞች ሁሉ ሐኪም ፊት ይቀርባሉ አለ። ቁጢጥ ማለት የቻለ ወደ ጦሩ ይመለሳል።»

«እኔ እኮ አነክሳለሁ።»

«ዐብደላስ ባለፈው ምርኩዙን ይዞ አልነበር የቀረበ? መስጊድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሲሰግድ ያየው ሰው ጠቁሞበት ነው ወደ ግንባር የተጫነ። እናቱ እስካሁን ደብዳቤ አልደረሳትም።»

በዚያ ዘመን መዳንም ያስፈራ ነበር። ፒላይ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

«እስካሁን መላላትን አስተማርኩህ። አሁን መድረቅን ላስተምርህ?» አሉ። ማንም አልሳቀም። «ሐኪሙ እግርህን ሲያጥፍ ትንፋሽህን ያዝ፤ ዳሌህን አጥብቅ። ቀላል ነው።» ፊታቸው ግን ቀላል ነው አይልም ነበር።

የጁምዓ አዛን ተሰማ። ሷሊሕ ለሰላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ሲመለስ በርጩማው ከበሩ አጠገብ ይጠብቀዋል። ጠላው። መስገድ እየቻለ ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው ሰላቱ ሰላት እንዳልሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል። ያን ሁሉ ጊዜ የለፋውም ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል መሬት ለመንካት ነበር።

«እዚያ ተቀመጥ፤ ስትመለስ እዚህ ትሰግደዋለህ፤ በሩን እዘጋልሃለሁ» አለችው ሐዲጃ ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ለአላህ በጓዳ፣ ለቢያዝን በአደባባይ» አለ ሷሊሕ። በርጩማውን አንሥቶ ወጣ፤ ሊቀመጥበት ይሁን ሊተወው ግን ገና አልቆረጠም ነበር።

ቢያዝን ጠመንጃውን አንግቶ መስጊዱ በር ላይ ቆሟል።

«ጓድ ሷሊሕ፣ እግርህ እንዴት ከረመ?»

«እንደምታየው ነው» አለና እያነከሰ ገባ። መጨረሻው ረድፍ ላይ በርጩማውን አኑሮ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ዞር ሲል ቢያዝን አሁንም ከበሩ አልተነቃነቀም።

ኢማሙ «አላሁ አክበር» ሲሉ ሰዉ ሁሉ በግንባሩ ተደፋ። የሷሊሕም ሰውነት ሊከተላቸው ወደ ፊት አዘነበለ። ሁለት እጁን ጉልበቶቹ ላይ ተክሎ ራሱን በርጩማው ላይ አስቀረ።