የምክትል ሥራ አስኪያጁ ጾም

«ክቡራን ደንበኞቻችን፣ አቶ ስምኦን ዛሬም ቁርስ አልቀመሱም።»

ወይዘሮ በዛብሽ ይህን የሚያውጁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ባለው ሆቴላቸው ባንኮኒ ኋላ ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ በአዳራሹ ከነበሩት ሐበሾች አንዳቸውም ቁርስ አልቀመሱም። የሌሎቹ አለመብላት ግን አይታወጅም። የስምኦን እንደ ሹመት ደብዳቤ ተቁሞ ይነገራል፤ ሰዉም ከስልኩ ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ይቀበለው» ይላል።

ስምኦን የወይዘሮ በዛብሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዕድሜው አርባ ሁለት። የሆቴሉ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ይባላል። ሥራው የክፍል ቁልፎችን በየሚስማራቸው መስቀል ሲሆን፣ በዚህ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ዋና ሥራ አስኪያጇ ግን ተሳስተው ያውቃሉ። ደንበኞች ለሚሉት ሁሉ የስምኦን መልስ «እሺ» ነው። ሲሚንቶ ተወደደ ሲሉት እሺ፣ በረራው ተሰረዘ ሲሉት እሺ። ደንበኞቹ ይህን ትሕትና ይሉታል። ማንበብ እንደማይችል፣ ብቻውን አስፋልት እንደማይሻገር፣ ጫማውን እህቱ እንደምታስርለት ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። በዚህ ሆቴል ክፍል የሚከራይ ሰው ከቁልፉ ጋር ይህን ዝምታ ይረከባል።

ሲስተር ማናህሎሽም ሰባት ቁጥርን ስትከራይ ተረክባለች። ችግሩ፣ ጁባ የመጣችው ይህንኑ ዝምታ ልታጠና መሆኑ ነው። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የነርሲንግ ተመራማሪ ናት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሲታመሙ ቤተሰብ ሕመማቸውን በምን ያውቃል የሚል ጥናት ይዛ፣ በማንጋቴንና በሎሎጎ ሰፈሮች አሥራ አንድ ቤት ገብታለች። በየቤቱ ሕመም ሌላ ስም ወጥቶለት አገኘችው። ሎሎጎ ውስጥ አንዲት ልጅ ጆሮዋን በመዳፏ ትመታ ነበር፤ እናቷ «የሞተው አባቷ እየጠራት ነው» አለች። ጆሮው መግል ቋጥሮ ነበር። ማንጋቴን ውስጥ አንድ ጎልማሳ ከምንጣፉ አልነሳም አለ፤ ወንድሞቹ «ስንፍና ነው» አሉ። ተረከዙ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ ተገኘ።

ለአሥራ ሁለተኛው ሰው ወደ ወገኖቿ ዞረች። ተቋራጩ ጋሽ ተክለማርያም፣ የሆቴሉ የማዕዘን ጠረጴዛ ከርስት የማይተናነስላቸው ሰው፣ ጉዳዩን በጥሞና ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በእኛ በሐበሾቹ መካከል እንኳ እንዲህ ያለ ሰው የለም፣ ሲስተር።»

ይህን ሲሉ ስምኦን የክፍላቸውን ቁልፍ እያቀበላቸው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ምክትል።»

«እሺ።»

ጾሙ በገባ በአራተኛው ሳምንት ማናህሎሽ ጥናቱን ትታ ሰውየውን ማየት ጀመረች። ጀነሬተሩ በተነሳ ቁጥር ስምኦን ወደ ለስላሳ ፍሪጁ ይሄድና ቀኝ ጉንጩን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ደንበኞቹ «ንብረት ይቆጣጠራል» ይላሉ። ድንገት ተነስቶ ያንኑ ጉንጩን በጥፊ ይመታል፤ «ንስሐ» ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሁሉም ሽሮው ላይ ሲረባረብ እሱ ሁለት ጉርሻ በግራ በኩል አላምጦ ይነሳል፤ «ይኸ እንኳ ከመነኩሴም ያለፈ ነው» ይላሉ። ቀበቶው ላይ እህቱ በቢላ ጫፍ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስታለች።

አንድ ቀን ማናህሎሽ ባንኮኒው ጋ ጠጋ አለች።

«እትዬ በዛብሽ፣ ስምኦን ጥርሱን ታሟል።»

«ማን ነገረሽ? እሱ ነገረሽ?»

«እሱማ በምን አፉ።»

«እንግዲያው እንጠይቀዋ። ስምኦንዬ፣ ያምሃል እንዴ?»

«እሺ።»

«አያምህም፣ አይደል?»

«እሺ።»

«ይኸው» አሉ በዛብሽ፣ «አጣርተናል።»

«እትዬ፣ ከፈለጉ ጥርስ ሐኪሙ ጋ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

በዛብሽ ባንኮኒው ላይ ያልነበረ ፍርፋሪ ጠረጉ። ድምፃቸውን ቀነሱ።

«አዲስ አበባ እያለን አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ወስደነዋል። እግሩ ላይ እባጭ ነበር። አራት ሰው ነው የተጫነው። አራተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ራሱን ይዤ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ እኔን ሲያይ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ሁለተኛ ማንም እጁን አያሳርፍበትም ብዬ ምያለሁ፤ በዚህ አትምጪብኝ።»

«ማንም አይዘውም።»

«ሳይይዙት አፉን ሊከፍት?»

«ራሱ ይከፍታል።»

በዛብሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት። «ራሱ ከከፈተ፣ ራሴ እወስደዋለሁ። በዚያው ቀን፣ በዓል እንኳ ቢሆን።»

በማግስቱ ጠዋት ማናህሎሽ ቁልፏን ለስምኦን አስረከበችና አፏን ከፈተች። በስልኳ መብራት አብርታ ጥርሷን በጣቷ እየነካች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። ዘጋች። አመሰግናለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስምኦን ቁልፉን ሰባተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይህንኑ ደገመችው።

በሦስተኛው ቀን አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ቀየረ። በአምስተኛው ቀን ጋሽ ተክለማርያም ጠየቁ።

«ሲስተር፣ ይኸ የጥናቱ አካል ነው?»

«ዋናው ነው።»

«መልካም። እያዛጋሽ መስሎን ነበር። አዳራሹን በሙሉ አስዛጋሽው እኮ።»

እውነት ነው፤ ለሁለት ሳምንት ያህል የሆቴሉ ሰው ሁሉ ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል አዛግቷል፤ ከስምኦን በቀር።

ቢሮ ውስጥ አለቃዋ ራንያ፣ የካርቱም ልጅ፣ ሠንጠረዡ ላይ ያለው አሥራ ሁለተኛው ባዶ መስመር አላስተኛ ብሏታል። «እህቱን ጠይቀሽ ሙዪውና ኻላስ በቃ» አለቻት።

«እህቱን ከጠየቅሁ የማገኘው የእህቱን ነው።»

«ቢያንስ በአሥራ አንድ እንዝጋው።»

«መስመሩ ባዶ ይቆይ ግድ የለም። እኔ አፉን ነው የምፈልገው።»

ራንያ ይህን የት እንደምትጽፈው ስላላወቀች ተወችው።

በዘጠነኛው ጠዋት ስምኦን ቁልፉን ከመስቀሉ በፊት አንገቱን ሰገግ አድርጎ የማናህሎሽን አፍ ውስጥ ተመለከተ። በአሥራ ሁለተኛው ስልኩን ራሱ ያዘላት። በአሥራ አራተኛው «አንድ» ስትል «ሁለት» አለ፤ በሆቴሉ ታሪክ ከ«እሺ» ሌላ በደንበኛ ፊት የወጣ የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም። ከንፈሩ ግን ከዚያ በላይ አልተላቀቀም።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ጉንጩ አበጠ። በዛብሽ ራሱን በነጠላ ጠቀለሉለት፤ ደንበኞቹም አሁን ቆብ ብቻ ነው የቀረው ተባባሉ። ማናህሎሽ ትኩሳቱን ለካች፤ የሙቀት መለኪያውን ለበዛብሽ አሳየች። የማስታገሻ ሽሮፕ ሰጠችው። ከዚያ አንድ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ በበዓሉ ዕለት ክሊኒኩን ከፍቶ እንዲጠብቅ አስማለችው።

«ታካሚው ቀጠሮውን ያውቃል?» አላት ሐኪሙ።

«ገና ነው። እየተግባባን ነው።»

የፋሲካ ዕለት፣ ቅዳሴ ያደሩት ተኝተው ከተነሱ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ ሆቴሉ ሞላ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዶሮ ወጡ ቀረበ። ማንም ግን እጁን አልሰደደም፤ ከሁሉ አብልጦ የጾመው ሰው ይቅደም ተብሎ በስምምነት የመጀመሪያው ሳህን፣ ከፈረሰኛውና ከሁለት እንቁላል ጋር፣ ስምኦን ፊት ተቀመጠ። በዛብሽ በእጃቸው ጠቅልለው አፉ ድረስ አቀረቡለት። ፊቱን አዞረ። ደግመው አቀረቡለት። ሳህኑን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ገፋው።

ጋሽ ተክለማርያም ሁኔታው ሳይበላሽ ብድግ አሉ።

«ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንግዲህ እኛ ጾሙን ስንፈታ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሊቀጥሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን...»

«ጋሼ» አለች ማናህሎሽ ከተቀመጠችበት፣ «ከፋሲካ ጀምሮ አምሳ ቀን መጾም ክልክል ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ዓርብ ስቅለት ዕለት ሰግዶ፣ ቅዳሜ ሌሊት አስቀድሶ የመጣ ሰው ነው። ጋሽ ተክለማርያም ከቆሙበት ለመቀመጥ ሰበብ ፈለጉ፤ አላገኙም፤ ቆመው ቀሩ። ባሕታዊውን ኃጢአተኛ ልበል የሚል አልመጣም። ሌላ ምን እንደሚባልም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አፍ የሚያሟሽ ጠፋ እንጂ።

በዛብሽ ያልተበላውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። እጃቸውን ታጠቡ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ወንበር ስበው ከወንድማቸው ፊት ለፊት፣ ጉልበታቸው ጉልበቱን እስኪነካ ተቀመጡ።

«ሲስተር፣ እንዴት ነው ያደረግሽው?»

«እንዳዩት ነው፣ እትዬ። እርስዎ ይቅደሙ። እጅዎን አያንሱበት።»

ወይዘሮ በዛብሽ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። ይህ ጨዋነት ነው ተብሎ ስምንት ዓመት ሙሉ በጁባ ተመስግኖላቸዋል። ነጠላውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አኖሩት። በሰው ሁሉ ፊት አፋቸውን ከፈቱ። ከላይ አራት ጥርስ የላቸውም፤ ከቀሩት ሁለቱ ጠቁረዋል። ጣታቸውን አንዱ ላይ አሳርፈው፣ እንባቸው በአፍንጫቸው ጎን እየወረደ፣ «አንድ» አሉ። ከተከፈተ አፍ የወጣ ስለሆነ ቃሉ በደንብ አልተሰማም።

ስምኦን እህቱ አፍ ውስጥ ተመለከተ። ጎንበስ ብሎ፣ ቁልፍ ሲመረምር እንደሚያደርገው አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ተራ በተራ አየው። የራሱን ነጠላ ከአገጩ ላይ አወረደ። ማንም አልነካውም።

አፉን ከፈተ።

በቀኝ በኩል፣ የታችኛው መንጋጋ ውስጥ፣ ጥርስ የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ነበር፤ ዙሪያው አብጦ ቢጫ ቋጥሯል። ሽታው ከሳህኑ እንፋሎት በላይ ተነሳ። ወንበር በወንበር እየተሻገረ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ፤ በደረሰበት ሁሉ ሰው ዐይኑን ወደ ሳህኑ ይሰብራል። ቆመው የቀሩት ጋሽ ተክለማርያም ጋ ሲደርስ፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደው የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ።

ስምኦን አፉን አልዘጋም፤ እህቱ ቆጥራ እስክትጨርስ ይጠብቃል።