የመምህርቷ ድሪቶ

ሩሃማ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት። ባዮሎጂ እንድታስተምር ደብረ ማርቆስ ስትመደብ ስለ ቤት ኪራዩም ስለ ገበያውም ጠይቃ፣ ስለ ብርዱ ግን ሳትጠይቅ መጣች። ኅዳር ሲገባ ውርጩ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። በብርድ ልብሱ ላይ ካፖርቷን ደርባ ብትተኛም ጥርሷ ሲንገጫገጭ ያድር ጀመር።

ኋላ መላ ዘየደች። ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለመነች፣ አንዱን ካንዱ እየቀጠለች፣ አልጋውን አልፎ መሬት የሚነካ ሰፊ ልብስ አወጣች። ከሥሩ አቡጀዲ፣ ከመሐል ባዘቶ አነጠፈችበት። ሦስቱን አንድ ላይ ለመስፋት የአከራይዋን የወይዘሮ ወለተ ኪዳንን የቤት ስፌት መኪና ለመነች።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን መኪናውን አልነፈጓትም፤ ሥራውን ግን አልወደዱትም። ድሪቶ የቸገረው ሰው ልብስ ነው። እሳቸው ቤት የተከራየች መምህርት ድሪቶ ለብሳ ታድራለች ሲባል ጎረቤት ምን ይላል? አዲስ ብርድ ልብስ እኔው ልግዛልሽ እስከማለት ደረሱ። ሩሃማ ሲያልቅ ይዩት ብላ ሳቀች።

ጣጣው የመጣው ስፌቱ ሲጀመር ነው። መኪናዋ ለቀሚስና ለትራስ ልብስ የምትሆን ትንሽ ናት፤ ያ ሁሉ ጨርቅ በመኪናዋ ክንድ ሥር አላልፍ አለ። ሩሃማ ግራና ቀኙን እንደ ሰሌን ጠቅልላ ከመሐል ጀመረች። ከጠረጴዛው የተንጠለጠለው ግን በክብደቱ ወደ ታች እየጎተተ ስፌቱን አጣመመው፤ መርፌም ሰበረ። ሌላ መርፌ ቀየረች፤ እሱም ተሰበረ። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ሸክሙን የሚያግዝሽ ሳይኖር እንዴት ይሆናል? ነይ ጠረጴዛውን ያዥልኝ» አሉ።

ጠረጴዛውን ከአልጋው አስጠጉ፤ ጨርቁ አልጋው ላይ አረፈ። እሳቸው ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ይለቁላት ጀመር። መርፌው መሰበሩን ተወ። ከዚያ ወዲህ ሩሃማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቦታቸውን ይዘው ይጠብቋታል። እየዋለ ሲያድር ከእሷ ብሰው ቁጭ አሉ፤ መስመሩ ትንሽ ከጠመመ ፍቺው ይሏታል፣ ትፈታለች።

አንድ ቅዳሜ የመጨረሻው መስመር ተሰፋ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ሊነሡ ሲሉ ጋቢያቸው አልነሣ አለ፤ ጫፉ ከድሪቶው ጋር አብሮ ተሰፍቷል። ሩሃማ ደነገጠች። ወይዘሮዋ ግን ሳቁ፣ እሷም ተከተለቻቸው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በምላጭ ስፌቱን ሲፈቱ ጎረቤታቸው ብዙዬ ገባችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሩሃማ አከራይዋን ቀና ብላ አየች።

«ድሪቶ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን፣ ዳሩን እያሳዩዋት። «እኔና ሩሃማ ነን የሰፋነው።»

ብዙዬ እጇን ከሥሩ አስገብታ ሙቀቱን ሞከረችና ለእኔም አንድ ካልሠራችሁልኝ አለች።

ሰኞ ማለዳ ሩሃማን የቀሰቀሳት ብርድ አልነበረም፤ ከድሪቶው ሥር ሞቋት ስለተኛች ጭራሽ የቀሰቀሳት ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በሩን ሲያንኳኩ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ጫማዋን እያሰረች ወጥታ ሮጠች። ክፍል ስትደርስ ተማሪዎቿ ተቀምጠው ይጠብቋታል፤ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ ለምን እንደዘገየች ግን አልነገረቻቸውም።