የምሰሶው ቅቤ

አባቴ በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቅቤ ይቀባው የነበረውን የቤታችንን ምሰሶ እኔ በሳሙና አጠብኩት። ጊዜው የ1951 ዓ.ም. መግቢያ ነበር። ዲምቱ አጠገብ ባለው ሰፈራችን የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሆኜ የተመረጥኩበት ሳምንት ነው። ጎረቤቴ አያ ጩማ ደጄ ላይ ቆሞ አየኝ።

"የአባትህን መንፈስ አስቆጣህ፤ ልጅህን ይወስዳታል" አለኝ።

"አምላኬ ከግንድ አያንስም!" አልኩት፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ወር ሳይሞላ የሰባት ዓመቷን ልጄን ሰገነትን ትኩሳት ጣላት። ያን ዓመት ቆላውን ያመሰው ወባ ነው። ሶዶ ሐኪም ቤት እንዳለ አላጣሁትም፤ ሰው በቃሬዛ ሲወሰድም አይቻለሁ። ግን መንገዱ በአያ ጩማ ደጅ ነው የሚያልፈው። "አምላኩ አቃተው" ሊለኝ ነዋ! ስለዚህ ተንበርክኬ ጸለይኩ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ሚስቴ አስካለች "እንውሰዳት" ባለች ቁጥር "እምነትሽ የት ሄደ?" እላታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሁሉ ጸሎት መሐል ጆሮዬ ደጅ ደጁን ነበር፤ ማን ምን አለ እያልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጸሎት ቤት ስመለስ አስካለች ምሰሶው ሥር ተንበርክካለች። እጇ በቅቤ ርሷል፤ ምሰሶው ያብረቀርቃል። ደሜ ፈላ።

"አንቺ ሴትዮ! ለጣዖት? በእኔ ቤት?" ብዬ እጄን አነሳሁ።

አልሸሸችም።

"ምታኝ" አለች። "እኔ ለምሰሶው ቅቤ ሰጠሁ። አንተ ግን ለስምህ ልጄን ልትሰጥ ነው። የማናችን ጣዖት ይብሳል?"

እጄ እንደተነሳ ቀረ። መደቡ ላይ ሰገነት ዓይኗ ተገልብጦ ትንቀጠቀጣለች። ፈራሁ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቃሬዛ እስኪሠራ አልጠበቅሁም፤ በጋቢ አዝያት ወጣሁ። አስካለች እጇን እንኳ ሳትጠርግ ተከተለችኝ።

አያ ጩማ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

"ምነው ቶማ፣ አምላክህ አቃተው እንዴ?"

"እሱ አላቃተውም፣ አያ ጩማ። እኔ ነኝ ያዘገየኋት።"

ልጅቷን አየና በትሩን ጥሎ ብድግ አለ።

"ወዲህ ስጠኝ። ብቻህን አትዘልቀውም፤ እየተቀባበልን እንሂድ።"

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና አነሳን። ሐኪሙ መርፌውን ከወጋት በኋላ "በመጀመሪያው ቀን ብታመጣት ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

ሰገነት ተረፈች። ግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ቤት ውስጥ ስንጸልይ ሁልጊዜ በቀኟ እቀመጣለሁ፣ አሜን ስል እንድትሰማኝ።